ሁለት ገመድ፣ አንድ መውጫ፦ ኡቡንቱ ላይ ከአንድ በላይ ኔትወርክ ካርድ አድራሻ በራሱ እንዲወስድ ማድረግ

"ሁለተኛውን ገመድ ስሰካው ኢንተርኔቱ ይቆማል።" ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። አንዳንዴ መልኩን ይቀይርና "ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይቆማል" ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ "ሁለቱም ካርዶች አድራሻ አግኝተዋል፣ ግን አንድም ገጽ አይከፈትም" ይባላል። በሽታው አንድ ነው። በስልክ ማስረዳቱ ስላደከመኝ እዚህ አስቀመጥኩት፤ ቀጣዩ ጠያቂ ሲደውል ይህን እልክለታለሁ።

ካርዶቹ አድራሻ በራሳቸው እንዲወስዱ ማድረግ ቀላሉ ክፍል ነው። ኡቡንቱ ገና ሲጫን እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሥራው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ራውተር አድራሻ ሲሰጥ አድራሻ ብቻ አይሰጥም። "ወደ ውጭ የምትወጣው በእኔ በኩል ነው" ብሎም ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ሁለት ራውተር ካለ ኮምፒውተሩ ፊት ሁለት በር ይቆማል። እሱ አንዱን ይመርጣል። የመረጠው በር ከኋላው ግድግዳ ከሆነ፣ አድራሻው ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የለም።

የምንሠራው በዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አለ። አንደኛው ካርድ ከኢንተርኔቱ ራውተር ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ካርድ የካሜራ መቅጃውና ፕሪንተሩ ካሉበት ዝግ ኔትወርክ ጋር ይገናኛል። ዝግ ኔትወርኩ ላይ አድራሻ ለማደል ብቻ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር አለ፤ ኢንተርኔት የለውም። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ሲም ካርድ የገባበት ዶንግል ይሰካል። የእናንተ አቀማመጥ ትንሽ ቢለይም አካሄዱ ያው ነው።

የሜኑ ስሞችን እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ። ትእዛዝ ሲመጣም እንደዚያው ነው፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ በትንንሹ ፊደል ጻፉት። ትእዛዙ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚመጣው፣ አትፍሩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኡቡንቱ ዴስክቶፕ 22.04 ወይም 24.04 የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ከአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ጋር
- ሁለት የገመድ ኔትወርክ ካርድ። ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ብቻ ካለ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቀየሪያ ይበቃል
- ሁለት የኔትወርክ ገመድ። ቀለማቸው ቢለያይ ጥሩ ነው፤ ካልተለያየ ጫፋቸው ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጻፉበት
- የሁለቱም ራውተሮች መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። ማንም ካልቀየረው ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ያለው ወረቀት ላይ ይገኛል
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ቁጥር በቃል አትያዙ

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሥራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣችሁ ሥሩ። ከሌላ ቦታ ሆናችሁ በኢንተርኔት ገብታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንዷን ሳጥን ስትሳሳቱ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ ነው።

1. ሁለቱ ኔትወርኮች የተለያየ ቁጥር እንዳላቸው አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይለፋል። ስልካችሁን ወይም ሌላ ኮምፒውተር ከአንደኛው ራውተር ጋር ብቻ አገናኙና የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። አንዱ 192.168.1.1፣ ሌላው 192.168.0.1 ከሆነ መልካም፣ ወደ 2 እለፉ። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ግን ከዚህ አትንቀሳቀሱ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማስክ የአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው፤ በቤትና በቢሮ ራውተሮች ላይ የተለመደው 255.255.255.0 ነው። በዚህ ማስክ ኮምፒውተሩ አንድን ነገር በየትኛው ካርድ እንደሚልክ የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች አይቶ ነው። ሁለት ሰፈር ላይ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ካለ ፖስተኛው ምን ያደርጋል? "ፕሪንተሩ 192.168.1.20 ላይ ነው" ስትሉት በየትኛው ገመድ እንደሚሄድ የሚለይበት ምልክት የለውም። አንዱን ካርድ ይመርጣል፤ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል።

ቁጥር የምትቀይሩት ዝግ ኔትወርኩ ላይ ነው፤ የኢንተርኔቱን ራውተር አትንኩ። ወደ አሮጌው ራውተር ገጽ ግቡ። "ላን" የሚለውን ክፍል ክፈቱና 192.168.1.1ን ወደ 192.168.50.1 ቀይሩ። ማስኩን እንዳለ ተዉት። "ዲኤችሲፒ ሰርቨር" መብራቱን እዚያው አረጋግጡ፤ አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። ስታስቀምጡ ራውተሩ ተነስቶ ይመለሳል፣ የከፈታችሁት ገጽም ይጠፋል። አልተበላሸም፤ አድራሻው ስለተቀየረ ነው። በአዲሱ ቁጥር ግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የካሜራ መቅጃዎች ብዙ ጊዜ አድራሻቸው በእጅ የተጻፈ ነው። የራውተሩን ቁጥር ስትቀይሩ መቅጃው በድሮው 192.168.1 ላይ ቆሞ ይቀርና ካሜራው ጠፋ ይባላል። ቀድማችሁ ወደ መቅጃው ኔትወርክ ሜኑ ገብታችሁ ዲኤችሲፒ እንዲሆን አድርጉት፣ ወይም አዲስ ቁጥር በእጅ ስጡት።

2. የትኛው ገመድ የትኛው ካርድ ላይ እንዳለ ለዩ

"ሴቲንግስ" ክፈቱና "ኔትወርክ" ውስጥ ግቡ። ለእያንዳንዱ ካርድ የየራሱ መስመር ታያላችሁ። አሁን አንዱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ንቀሉ። ከመስመሮቹ አንዱ "ኬብል አንፕለግድ" ይላል። ያ መስመር የነቀላችሁት ገመድ ነው። ወረቀታችሁ ላይ "የላይኛው ቀዳዳ፣ ኢንተርኔት" ብላችሁ ጻፉ። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሁለተኛውንም እንደዚያው ለዩ።

የካርዶቹ የሲስተም ስም ኢኤንፒ3ኤስ0 ዓይነት ነው። ቁጥሮቹ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ቦታ ነው የሚናገሩት። በዩኤስቢ የሚሰካው ብዙ ጊዜ ኢኤንኤክስ ብሎ ይጀምርና ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ይከተለዋል፤ ያ ቅልቅል የራሱ የማክ አድራሻ፣ ማለትም የካርዱ መለያ ቁጥር ነው። ስሙ ወደፊት ስለሚያስፈልግ እሱንም ጻፉት።

3. የኢንተርኔቱን ካርድ ለብቻው አስተካክሉ

የዝጉን ኔትወርክ ገመድ ንቀሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። አንድ በአንድ የምንሄደው ችግር ሲመጣ ከየት እንደመጣ እንድናውቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሰክቶ የሚጀምር ሰው ጥፋተኛውን አያገኝም።

ከኢንተርኔቱ ካርድ አጠገብ ያለችውን የጥርስ ጎማ ምልክት ጫኑ። "አይፒቪ4" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። "አውቶማቲክ ዲኤችሲፒ" የሚለው መመረጥ አለበት። ከሥሩ ያሉት የ"ዲኤንኤስ" (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) እና የ"ራውትስ" (የመንገዶቹ) ማብሪያዎች "አውቶማቲክ" ላይ ይሁኑ። ሌላ ምንም አትንኩ፤ ይህ ካርድ ራውተሩ የሚሰጠውን ሁሉ እንዲቀበል ነው የምንፈልገው።

"ዲቴይልስ" የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ "ኮኔክት አውቶማቲካሊ" የምትለው ሳጥን ምልክት ይኑራት። እሷ ከሌለች ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር በእጅ ማብራት አለባችሁ።

አሁን አሳሽ ከፍታችሁ አንድ ገጽ ሞክሩ። ካልተከፈተ ችግሩ ራውተሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን ካርድ ከመንካታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

4. ፕሮፋይሉን ስም ስጡና ከካርዱ ጋር እሰሩት

ኡቡንቱ የግንኙነት ቅንብርን "ፕሮፋይል" በሚባል ነገር ነው የሚይዘው። ፕሮፋይልና ካርድ አንድ አይደሉም። ያልታሰረ ፕሮፋይል ባዶ ያገኘው ካርድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ለኢንተርኔት ያዘጋጃችሁት ቅንብር አንድ ቀን ጠዋት የካሜራው ካርድ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

"አይደንቲቲ" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። "ኔም" የሚለው ቦታ ላይ "ዋየርድ ኮኔክሽን 1" የሚለውን አጥፍታችሁ "ኢንተርኔት" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። አንድ ቃል ይሁን፤ ክፍት ቦታ ያለበት ስም ትእዛዝ ስትጽፉ ያስቸግራል። ቀጥሎ "ማክ አድሬስ" የሚለውን ዝርዝር ክፈቱና የዚያን ካርድ መስመር ምረጡ። አጠገቡ የካርዱ ስም ስለተጻፈ ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ።

ከሥሩ "ክሎንድ አድሬስ" የሚል ሌላ ቦታ አለ። ይመሳሰላሉ፣ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ያኛው የካርዱን ማንነት ይቀይራል። ባዶውን ተዉት። "አፕላይ" ጫኑ።

5. ሁለተኛውን ካርድ ሰክታችሁ ያንኑ አድርጉ

የዝጉን ኔትወርክ ገመድ አሁን ሰኩ። ካርዱ ተጣርቶ አድራሻ ሲወስድ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል። ከውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ ካርዱ "አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?" ብሎ ለሁሉም ይጮኻል። ራውተሩ አንድ ቁጥር ያቀርባል። ካርዱ "እሱን ስጠኝ" ይላል። ራውተሩ ያጸድቃል። አራት ምልልስ ነው። ቁጥሩ ኪራይ ነው፤ የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ካርዱ ራሱ ያሳድሰዋል። ሁለት ካርድ ካለ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚጠራው፣ አንዱ ስለሌላው አያውቅም።

"ዲቴይልስ" ላይ 192.168.50 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ተሳክቷል። ፕሮፋይሉን "ካሜራ" ብላችሁ ሰይሙት፣ ከራሱ ማክ አድራሻ ጋር እሰሩት።

ኢንተርኔቱ አሁን ሊቆም ይችላል። አትደንግጡ። የሚቀጥለው ደረጃ ለእሱ ነው።

6. የዝጉን ኔትወርክ በር ዝጉ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

የ"ካሜራ"ን የጥርስ ጎማ ጫኑ፣ "አይፒቪ4" ውስጥ ግቡ። እስከ ታች ውረዱ። "ዩዝ ዚስ ኮኔክሽን ኦንሊ ፎር ሪሶርስስ ኦን ኢትስ ኔትወርክ" የምትል ሳጥን አለች። ምልክት አድርጉባት። በእኛ ቋንቋ "ይህን ካርድ ለራሱ ሰፈር ብቻ ተጠቀምበት፣ ወደ ውጭ ለመውጣት አትሞክርበት" ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አሮጌው ራውተር "በእኔ በኩል ውጣ" ቢል ሰሚ የለውም። ለ192.168.50 የሚሄደው ሁሉ በዚህ ካርድ ይሄዳል፣ የቀረው ዓለም በሙሉ በሌላው።

ሳጥኗ ከሌለች ምን ይሆናል? ኡቡንቱ ለእያንዳንዱ በር "ሜትሪክ" የሚባል ቁጥር ይሰጣል፣ ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። የገመድ ካርድ ከ100 ይጀምራል። ዋይፋይ ከ600። ውስጡ ራውተር የሌለው ተራ የሲም ሞደም ከ700። ሁለት የገመድ ካርድ ካለ ቀድሞ የተገናኘው 100 ይወስዳል፣ ተከታዩ 101። እንግዲህ "ጠዋት ይሠራል ከሰዓት ይቆማል" የሚለው እንቆቅልሽ ይኸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ካርድ ቀድሞ አድራሻ እንዳገኘ ነው የሚወስነው። ጽዳት ላይ ገመድ ተነቅሎ ከተመለሰ ተራው ይገለበጣል።

ኡቡንቱ በየጊዜው ኢንተርኔት መኖሩን ስለሚፈትሽ፣ ሞቶ ያገኘው በር ቁጥር ላይ 20000 ይጨምርበታል፤ 100 የነበረው 20100 ይሆናል። ለዚህ ነው ችግሩ አንዳንዴ ከደቂቃዎች በኋላ "በራሱ ተስተካከለ" የሚባለው። እሱን አምናችሁ ሳጥኗን እንዳትተዉ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

7. ዲኤንኤሱንም ዝጉ

አሮጌው ራውተር ከበሩ ጋር "ስም የምትጠይቀውም እኔን ነው" ይላል። ኢንተርኔት ስለሌለው ግን የአንድም ድረ ገጽ ስም አያውቅም። እዚያው ገጽ ላይ "ዲኤንኤስ" አጠገብ ያለውን "አውቶማቲክ" አጥፉ፣ የጽሑፉን ቦታ ባዶ ተዉት። ይህን ለ"ካሜራ" ብቻ ነው የምታደርጉት። ለ"ኢንተርኔት" ካደረጋችሁት ሁሉም ገጽ ይዘጋባችኋል።

ፕሪንተሩንና መቅጃውን በቁጥር ስለምትጠሩ ምንም አይጎድልባችሁም።

8. አይፒቪ6 ላይ ያለችውን ሳጥን አትርሱ

አይፒቪ6 ከአይፒቪ4 ጎን የሚሠራ አዲሱ የአድራሻ ዓይነት ነው፤ "አይፒቪ6" ገጽ ላይም ያቺው ሳጥን አለች። እዚያም ምልክት አድርጉ። አንዳንድ ራውተር በአይፒቪ4 ተዘግቶ በአይፒቪ6 በኩል በር ነኝ እያለ ያውጃል። ዝግ ኔትወርኩ ላይ አይፒቪ6 የሚጠቀም ዕቃ እንደሌለ እርግጠኛ ከሆናችሁ "ዲሴብል" ማለትም ይቻላል።

9. አጥፍታችሁ አብሩ

"አፕላይ" ስትጫኑ ቅንብሩ ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ ያለው ግንኙነት ግን በድሮው ሊቀጥል ይችላል። የካርዱን ማብሪያ አጥፉ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆዩ፣ አብሩ። "ሁሉንም እንደጻፍከው አደረግሁ፣ አልሠራም" ብለው ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ይህችን ደረጃ ነው የዘለሉት።

10. ፈትሹ

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና "አይፒ አር" ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ፊደል፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ ፊደል። የሚወጣው ዝርዝር ውስጥ "ዲፎልት" ብሎ የሚጀምር መስመር ፈልጉ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር እሱ ነው። አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ በኢንተርኔቱ ራውተር ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ "ሜትሪክ 100" ወይም 101 ብሎ። 192.168.50 ያለበት መስመርም ይኖራል፣ ግን "ዲፎልት" አይልም። ሁለት "ዲፎልት" ካያችሁ ወደ 6 ተመለሱ።

ቀጥሎ ሦስት ነገር ሞክሩ። ድረ ገጽ ክፈቱ። ፕሪንተሩ ላይ አንድ ወረቀት አትሙ። የመቅጃውን ገጽ በቁጥሩ ክፈቱ። ሦስቱም ከሠሩ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ያልተፈተነ ሪስታርት ሰኞ ጠዋት ነው የሚፈትናችሁ።

ዶንግሉ

ይህን ክፍል የተማርኩት በኪሳራ ነው። ዓርብ ማታ ዶንግል ሰክቼ፣ መኖሩን ረስቼ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ የወር ጥቅሉ አልቋል። ኡቡንቱ ቅዳሜና እሑድ ማዘመኛውን በሙሉ በዶንግሉ አውርዷል። የቢሮው መስመር ግን ሰላም ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ዶንግሎች ውስጣቸው ትንሽ ራውተር አለ። የሁዋዌዎቹ ለምሳሌ በተለምዶ 192.168.8.1 ላይ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ እነሱን እንደ ሲም ሞደም አያያቸውም፤ በዩኤስቢ የመጣ የገመድ ካርድ መስለው ነው የሚታዩት። ስለዚህ 700 አይሰጣቸውም። ከቢሮው ገመድ ጋር በ100 እና በ101 ይፎካከራሉ። የቢሮው መስመር ለአንድ ሰከንድ ከተቋረጠ ዶንግሉ 100ን ይዞ ይቀመጣል፣ መስመሩ ሲመለስ 101 ሆኖ ከኋላ ይሰለፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ፦ የዶንግሉን ፕሮፋይል "ዶንግል" ብላችሁ ሰይሙ፣ "ኮኔክት አውቶማቲካሊ" የምትለዋን ሳጥን አጥፉ። መስመር ሲሄድ በእጅ ታበሩታላችሁ፣ ሲመለስ ታጠፋላችሁ። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል።

በራሱ እንዲቀያየር ከፈለጋችሁ ተርሚናል ላይ ይህን ጻፉ፦

ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ ዶንግል አይፒቪ4.ራውት-ሜትሪክ 700

ያንኑ አይፒቪ6 ብላችሁ ድገሙት፣ ከዚያ ዶንግሉን አጥፍታችሁ አብሩ። አሁን የገመዱ መስመር እስካለ ድረስ ዶንግሉ ተራውን ይጠብቃል። ነጥቧንና ጭረቷን እንዳትዘሉ።

ልብ በሉ፣ መቀያየሩ ወዲያው ላይሆን ይችላል። መስመሩ የተቆረጠው ውጭ ምሰሶው ላይ ከሆነ፣ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ያለው ገመድ ደህና ስለሆነ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። ኮምፒውተሩ መሞቱን የሚያውቀው በሚቀጥለው ፍተሻ ነው፤ በመደበኛው ቅንብር እስከ 5 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። የቸኮለ ሰው የቢሮውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ይንቀል፣ ወዲያው ይዞራል።

በሁለቱም መንገድ የዶንግሉ "ዲቴይልስ" ገጽ ላይ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ መስመር በሒሳብ ነው ማለት ነው፤ የሶፍትዌር ማዘመኛው አይቶ ይታገሣል።

ዴስክቶፕ ለሌለው ማሽን

ኔትወርክማናጀር (እስካሁን ስናስተካክለው የነበረው የግንኙነት ፕሮግራም) ያለበት ነገር ግን መስኮት የሌለው ማሽን ከሆነ ተርሚናል ላይ "ኤንኤምቲዩአይ" ብላችሁ ጻፉ። አምስት ፊደል ነው፣ ሳትነጣጥሉት። ሰማያዊ ሜኑ ይመጣል። "ኤዲት ኤ ኮኔክሽን" ውስጥ ግቡ። "ዲቫይስ" የሚለው ቦታ ላይ ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን የካርድ ስም አስገቡ፤ ይህ ከካርዱ ጋር ያስረዋል። የበሩ ሳጥን እዚህ "ኔቨር ዩዝ ዚስ ኔትወርክ ፎር ዲፎልት ራውት" ትባላለች። ጨርሳችሁ ስትወጡ "አክቲቬት ኤ ኮኔክሽን" ውስጥ ግንኙነቱን አጥፍታችሁ አብሩ። የኡቡንቱ ሰርቨር ግን ሲጫን ይህን መሣሪያ አይጠቀምም፤ የእሱ አካሄድ ሌላ ነው።

ሰዎች የሚሳሳቷቸው ነገሮች

- ካርዱ "ኮኔክቲንግ" እያለ ቆይቶ ይወድቃል። አድራሻ የሚጠብቀው 45 ሰከንድ ነው፤ መልስ ካላገኘ ይተዋል። መጀመሪያ የአሮጌውን ራውተር ጀርባ እዩ። ገመዱ ቀለሟ የተለየው "ዋን" የተባለች ቀዳዳ ላይ ከገባ አድራሻ አይመጣም፤ "ላን" ከሚሉት አንዱ ላይ መሆን አለበት።

- ሁለቱም ገመዶች አንድ ስዊች (ብዙ ገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ተሰክተዋል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ይደረጋል። ሁለት አዳይ አንድ ስዊች ላይ ካለ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል፤ የካሜራው ካርድ የኢንተርኔቱን አድራሻ ይዞ ታገኙታላችሁ። የሌላ ሰው ኮምፒውተርም አብሮ ይበጠበጣል። ሁለት ኔትወርክ፣ ሁለት ስዊች።

- "ሼርድ ቱ አዘር ኮምፒውተርስ" ተመርጧል። "አውቶማቲክ" ከሚለው ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው፣ ስሙም ጥሩ ይመስላል። እሱን ስትመርጡ ኮምፒውተራችሁ ራሱ አድራሻ አዳይ ይሆናል። አድራሻው በ10.42 የሚጀምር ካርድ ካያችሁ ይህ ነው። ቢሮ ኔትወርክ ላይ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ አጥፉት፤ የጎረቤት ዴስክ ኢንተርኔት ያቋረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

- አድራሻው በ169.254 ይጀምራል። ብዙ ጊዜ "ሊንክ ሎካል ኦንሊ" ስለተመረጠ ነው። ወደ "አውቶማቲክ ዲኤችሲፒ" መልሱት፣ ካልሆነ ወደ ራውተሩ ሂዱ።

- አንድ ካርድ ላይ ሦስት አራት ፕሮፋይል ተከማችቷል። የመደመር ምልክቷን በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ይጨመራል። ያስተካከላችሁት ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ይሆናል። የማትፈልጉትን ከጥርስ ጎማው ገብታችሁ "ሪሙቭ" በሉ።

- የአንዱን ካርድ ማክ ወደ ሌላው "ክሎንድ አድሬስ" መቅዳት። ራውተር ኮምፒውተሮችን የሚለየው በማክ ነው። አንድ ማክ ሁለት ቦታ ከታየ አድራሻው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል።

- ፋይል በእጅ ማረም። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ያደረጋችሁት ለውጥ ኔትፕላን በሚባለው የኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብር ፋይሎች ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ግማሹን በመስኮት፣ ግማሹን ፋይል ውስጥ አትሥሩ። አንዱን መንገድ ያዙ።

የመጨረሻው ችግር የሚታየው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሩና ራውተሩ አብረው ይነሳሉ። የራውተሩ ቀዳዳ ቶሎ ይበራል፣ አድራሻ ማደል የሚጀምረው ግን ዘግይቶ ነው። ኮምፒውተሩ 45 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ይወድቃል፣ ይደግማል። አራት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት 5 ደቂቃ ያርፋል። በዚያ መሃል የደረሰ ሰው "ተበላሸ" ብሎ ሁሉንም መነካካት ይጀምራል። ምንም አትንኩ። የራውተሩ መብራቶች እስኪረጋጉ ጠብቁና የካርዱን ማብሪያ አንዴ አጥፍታችሁ አብሩ። ራውተሮቹን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ከተቻለ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ይህን አታዩትም።